ሞተሬ ሐይቅ መሀል ላይ ይጠፋብኛል፤ ምን ልይ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነኝ። 6 ሜትር የምትሆን የብረት ጀልባ አለችኝ። ከኋላዋ የሚታሰረው ሞተር ባለ 15 ፈረስ ጉልበት አሮጌ ቱ ስትሮክ ነው፤ ቤንዚኑ ላይ ዘይት የሚቀላቀልለት ዓይነት። ጠዋት ገመዱን ሁለቴ ስስበው ይነሳል። ሩብ ሰዓት ያህል ጥሩ ይሄዳል። ከዚያ ይደክማል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ እንደገና ይነሳል። ካንዴላዎቹ ጥቁርና እርጥብ ናቸው። በጎን የሚተፋው የማቀዝቀዣ ውሃም ቀጥኗል። አንድ መካኒክ “ፒስተኑ አልቋል፣ ይውረድ” አለኝ። የጠየቀኝ ብር ደግሞ አይቀመስም። ከማውረዴ በፊት ምን ልይ?

ጋሽ ካንዴላ፦
ፒስተን የጨረሰ ሞተር ጠዋት በብርድ እንዲህ በቀላሉ አይነሳም። እሱን ለጊዜው ተወው።

ከነዳጁ ጀምር። ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ጎማ ላይ በእጅ የሚጨመቅ ኳስ አለ አይደል? ሞተሩ መድከም ሲጀምር፣ ሳይጠፋ፣ ኳሱን ንካው። ተጨምድዶ ጠፍጣፋ ከሆነ ነዳጅ ከታንኩ እየወጣ አይደለም። ወይ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፣ ወይ ታንኩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ቆሽሿል። ልፍስፍስ ብሎ፣ ስትጨምቀው ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ደግሞ ጎማው የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው፤ ወይም የነዳጅ ፓምፑ ስስ ላስቲክ ተቀዷል። ኳሱ ጠንካራ ሆኖ እያለ ከጠፋ ቦቢናውን፣ ማለትም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ጥቅልል፣ ጠርጥር። ቦቢና ሲግል ይከዳል፣ ሲበርድ ይመለሳል። እንደጠፋ ወዲያው ካንዴላ አውጥተህ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክተህ ገመዱን ሳብና ብልጭታውን እይ። የፈሰሰ ቤንዚን ባለበት ግን እንዳትሞክረው!

የሐዋሳው ልጅ፦
ወንድሜ፣ ያ የቀጠነ ውሃ እኔን ነው ያሳሰበኝ። እናንተ ጋ እምቦጭ አለ። የውሃ መሳቢያው ወንፊት ላይ ሥሩ ተሰግስጎ ሊሆን ይችላል። ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ የውሃ ፓምፑን ጎማ ቀይረው። የታችኛውን እግር፣ ፕሮፔለሩ ያለበትን ክፍል፣ ስታወርድ የማርሹን ዘንግ መፍታት እንዳትረሳ። የጎማው ክንፎች ጠምዘዝ ብለው ከቀሩ ወይም ከተሰነጠቁ በቃ፣ አዲስ ይግባ። አዲሱን በሳሙና ውሃ አርሰህ፣ ዘንጉን በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞርክ አስገባው። ስትሞክረውም በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረህ ይሁን። በደረቁ ካስነሳኸው ያ ጎማ ወዲያው ነው የሚቃጠለው።

ሸራዬ፦
እኔ ስቶክሆልም ነኝ፤ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ አለችኝ። ነፋስ ሲጠፋ የምገባው በአሮጌ ሞተር ነው። አንድ ጥያቄ፦ ማዕበል ሲሆን ሞተሩ ድንገት ይጮሃል? እግሩ አጭር ከሆነ የጀልባዋ ኋላ ብድግ ሲል ፕሮፔለሩ አየር ላይ ይዞራል፤ ፓምፑም ውሃ ሳይሆን አየር ይስባል። አጭሩ እግር 38፣ ረጅሙ 51 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሌላው ካርቡራተሩ ነው። ቆሞ የከረመ ቤንዚን ዝፍት መሰል ነገር ይተዋል። ጂግለሩን፣ ቤንዚን የሚለካውን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ስታጸዳ በሽቦ እንዳትጎረጉረው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። እኔ ቀጭን የመንጠቆ ክር ነው የምጠቀመው።

ጣና ዳር፦
ተባረኩ! ዛሬ ወጥቼ ሞከርኩት። መንተፋተፍ ሲጀምር ኳሱን ነካሁት፤ ሁለቱ ጎኖቹ ተጣብቀዋል። የታንኩን ክዳን ላላ ሳደርገው “ፍስስ” ብሎ አየር ገባ። ኳሱ እያየሁት ተነፋ፣ ሞተሩም ሳይጠፋ ተመለሰ። ክዳኑን ወደ ፀሐይ አዙሬ ሳየው የመተንፈሻዋ ቀዳዳ በሳሙና ተደፍኗል። የቀድሞው ባለቤት ቤንዚን እንዳይንጠባጠብ ብሎ ይመስለኛል። በሙቅ ውሃና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት። እህቴ፣ እግሩ ረጅም ነው፤ አይጮህም። ካንዴላው ግን አሁንም ጥቁር ነው። ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው የምጨምረው፣ መካኒኩ እንዳለኝ።

ጋሽ ካንዴላ፦
ይኸው ተገኘ! ዘይትህ ግን በዝቷል። ሞተሩ ላይ 50 ለ 1 ተብሎ ከተጻፈ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ነው የሚበቃው።

የሐዋሳው ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ለአሮጌ ሞተር ዘይት ቢበዛ ይሻላል እንጂ። ቢያንስ ፒስተኑ ደርቆ አይነክስም።

ጋሽ ካንዴላ፦
ትንሽ ጨመር ቢል አልጣላህም። 20 ለ 1 ግን ካንዴላ ማቆሸሽ ነው፣ ጭስ ማውጫውንም በካርቦን ይደፍናል። ዓይነቱም ወሳኝ ነው፤ ለውሃ ላይ ቱ ስትሮክ የተሠራውን ፈልግ። የመኪና ዘይት የሚቀላቅሉ አሉ፤ እባክህ አንተ እንዳትሞክረው።

ከፍታውንም አትርሱ። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ጂግለሩ ግን ለባሕር ዳርቻ ነው የተለካው። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላ ይጠቁራል። ጉልበቱም ቢሆን ከ15 ፈረስ ወደ 12 ገደማ ይወርዳል። አንድ ቁጥር ያነሰ ጂግለር ብታስገባ ልዩነቱን ታየዋለህ። አሮጌውን ግን አስቀምጠው። ሞተሩን ቆላ ለሚወስድ ሰው ከሸጥከው መመለስ አለበት፤ ያለዚያ ቤንዚን ያንሰውና ፒስተኑ ይቀልጣል።

ሸራዬ፦
እግሩን የምታወርደው ከሆነ ከፕሮፔለሩ ኋላ የተጠመጠመ የመረብ ክር ካለ እይ። ክር ፓራኦሊዮውን፣ ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚያግደውን ላስቲክ፣ ይቆርጥና ውሃ ያስገባል። የማርሽ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

ጣና ዳር፦
ክር አለ፣ ብዙ! ዘይቱን ነገ አወጣዋለሁ። አዲሱ ከላይ ነው የሚሞላው?

ጋሽ ካንዴላ፦
ከታች ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁም፣ ሁለቱንም ብሎኖች ፍታ፣ አሮጌው ተንጠፍጥፎ ይውጣ። አዲሱን በታችኛው ቀዳዳ ግፋው፣ በላይኛው መፍሰስ እስኪጀምር። መጀመሪያ የላዩን ዝጋ፣ ቀጥሎ የታቹን። እስከዚያ ድረስ መቅዘፊያ ሳትይዝ እንዳትወጣ፤ የጣና የከሰዓት ነፋስ ቀልድ አያውቅም።