ረዳት ምሩቅ የውጤት መዝገብ እንዲያስተካክል ይፈቀድለት?

አወያይ፦
የዩኒቨርሲቲያችን የአይሲቲ ማዕከል አንድ ሐሳብ አቅርቧል። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ረዳት ምሩቃን በሙሉ ወደ ሙድል፣ ማለትም ኮርስ፣ ፈተናና ውጤት ወደምናስተዳድርበት የኢንተርኔት ሲስተም፣ የሚገቡት «ማስተካከል የማይችል መምህር» በሚለው ሚና ብቻ ይሁን የሚል ነው። በዚህ ሚና አሳይመንት አርሞ ነጥብ መስጠት ይቻላል። የኮርሱን ይዘት መለወጥ፣ የፈተናን ሰዓት ማራዘም፣ የውጤት መዝገቡን በቀጥታ መንካት ግን አይቻልም። ምን ትላላችሁ?

የሬጅስትራር ባልደረባ፦
በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ሴሚስተር ሲያልቅ ጣጣው ተጠቅልሎ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ተማሪው በሙድል 78 አይቷል፣ እኛ ዘንድ የደረሰው 71 ነው። ማን ቀነሰው ሲባል ሁሉም አላየሁም አልሰማሁም ይላል። በውጤት ላይ የሚፈርመው የኮርሱ መምህር ነው። የማይፈርም ሰው መዝገቡን ምን ሊያደርግ ይነካዋል?

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
ያሉት ነገር በወረቀት ላይ ያምራል። እኔ ግን የመግቢያ ኮርስ ለአምስት ሴክሽን አስተምራለሁ፤ ያለ ረዳት አንድም ፈተና በወቅቱ አይታረምም። ረዳቱ ፈቃድ ሲያጣ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩ የራሱን የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ረዳቱ የሚሠራው ሁሉ በመምህሩ ስም ይመዘገባል። ይህ ነው ቁጥጥር የሚባለው?

ረዳት ምሩቅ፦
እኔን ያስቸገረኝ የውጤቱ ጉዳይ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር ፈተናው ተጀምሮ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ የአሥራ አንድ ተማሪዎች ሰዓት አልቆ ሲስተሙ መልሳቸውን ዘግቶባቸዋል። ሰዓት ላራዝምላቸው ብሞክር ቁልፉ እኔ ጋር የለም። መምህሩ መስክ ላይ ናቸው፣ ስልካቸው አይሠራም። ተማሪዎቹ ላብራቶሪው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። እንዲህ ያለውን ፈቃድ ብቻ እንኳ ስጡን።

የሲስተም ባለሙያ፦
ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ክርክሩ ግን የተያዘው በተሳሳተ ጫፍ ይመስለኛል። የምንነጋገረው ረዳቱ ብዙ ይሰጠው ወይስ ጥቂት እያልን ነው። ሙድል በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው 1.7 ስሪቱ ሚናዎችን በአዲስ መልክ ሲያደራጅ ያመጣው ትልቅ ነገር ሌላ ነው፤ ፈቃድን በየቦታው ለያይቶ መስጠት ተቻለ። አንድ ሰው በአንዱ ኮርስ ተማሪ፣ በሌላው መምህር ይሆናል። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሥልጣን የሚሰጠው በክፍሉ ኮርሶች ላይ ብቻ ነው፤ የሌላውን ክፍል በር አያልፍም። በአንዲት ፈተና ላይ ብቻ የሚሠራ ፈቃድ መስጠትም ይቻላል።

እንግዲህ የመብራቱን ችግር እንመልከተው። ማስተካከል የማይችለውን መምህር ሚና ገልብጦ አዲስ ሚና መፍጠርና የፈተና ሰዓት ማራዘምን ብቻ መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ነው። የውጤት መዝገቡ ለኮርሱ መምህር እንደተቆለፈ ይቆያል። ኮርሱ በተለያዩ ቡድኖች ከተከፈለ ደግሞ ረዳቱ የሚያየው የተመደበበትን ሴክሽን ብቻ ነው። አምስት ሴክሽን ላላቸው መምህርም ይህ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የማዕከሉ ረቂቅ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት። ለመዝገቡ የተመረጠው ቅንብር «ፈጽሞ የተከለከለ» የሚለው ነው። ሙድል ላይ «የተከለከለ» እና «ፈጽሞ የተከለከለ» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውን በአንድ ኮርስ ደረጃ መልሶ መክፈት ይቻላል። ሁለተኛው ከላይ ከተጣለ ከታች ማንም አያነሳውም። ረዳቱ በዚያው ኮርስ ላይ ሙሉ የመምህር ሚና ቢደረብለት እንኳ አይከፈትለትም። መምህሩ ታመው ወይም ለትምህርት ወጥተው ረዳቱ ኮርሱን ቢረከብ ምን ልናደርግ ነው?

የይለፍ ቃል መስጠትን በተመለከተ ከኢኮኖሚክሱ መምህር ጋር እስማማለሁ፣ ነገር ግን ምክንያት አድርገን አንቀበለው። የውጤት ታሪክ የሚባለው ገጽ የቀድሞውን ነጥብ፣ አዲሱን ነጥብ፣ ቀኑንና የቀየረውን ሰው ስም ያሳያል። የሬጅስትራሯ 78 እና 71 መልስ እዚያ አለ። የይለፍ ቃሉ በሁለት ሰው እጅ ከሆነ ግን ያ ስም ውሸት ይሆናል።

የሬጅስትራር ባልደረባ፦
ሰዓት ማራዘሙን ተቀብያለሁ፤ ተማሪ በመብራት ምክንያት መጎዳት የለበትም። መዝገቡ ላይ ግን አልለወጥም። ኮርሱን የተረከበ ረዳት በትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ይመደብ፤ ያኔ የመምህርነት ሚናውን ያግኝ። «ፈጽሞ» የምትለዋ ቃልም ትውጣ።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
ስለ እኛ ውጤት ስትነጋገሩ አንድ ሰው ረስታችኋል። ሲስተሙን በበላይነት የሚያስተዳድረው አድሚንስ? በእኔ ስም ገብቶ ማየት እንደሚችል ሰምቻለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ውጤቴም የግል መረጃዬ ነው።

የሲስተም ባለሙያ፦
ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ይችላል። በሌላ ሰው ስም ሲገባ ማን ምን እንደሠራ በሚይዘው ሎግ ላይ የሁለቱም ስም ይመዘገባል። ነገር ግን ዋናውን አድሚን የትኛውም ክልከላ አያግደውም። የውጤት ታሪኩ እንዳይመዘገብ ማጥፋትም ሆነ ሎጉ ስንት ቀን እንደሚቆይ መወሰን በእጁ ነው። በብዙ ቦታ ይህ ሥልጣን ከሚገባው በላይ ለብዙ ሰው ተሰጥቷል።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
እንግዲያውስ ስለ ረዳቶች የጻፍነውን ያህል ስለ አድሚኖችም ይጻፍ። ስንት ሰዎች እንደሆኑ ለሴኔቱ በስም ይቅረብ። ሎጉንም በየሴሚስተሩ የውስጥ ኦዲት ይመርምረው። ማዕከሉ ራሱን ሊመረምር አይችልም።

የሬጅስትራር ባልደረባ፦
በዚህ ላይ ፊርማዬን አስቀምጣለሁ። ረቂቁ ሴኔት ከመግባቱ በፊት የአድሚኖች ዝርዝር እንዲያያዝ ከሬጅስትራር በኩል እኔ እጠይቃለሁ፤ መምህራኑም በትምህርት ክፍሎቻችሁ በኩል ጠይቁ።