ያረጀ ሞተር ሲታደስ የትኛው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይመረጣል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን
ወደ ሸዋ ሮቢት የምመላለስበት ኮሮላ፣ ሞተሩ 2ኢ ሲሆን፣ ዘይት መብላት ስለ ጀመረ ሲሊንደሩን ሪቦር (በማሽን ማስፋት) ሳላስደርግ ፋሻ ብቻ ለመቀየር አስቤአለሁ። መለዋወጫ ሻጩ ተራ የብረትና የክሮም ፋሻ አቅርቦልኛል፤ መካኒኩ ግን ሲሊንደሩ ስለ ሰፋ 0.50 ሚሊ ሜትር ኦቨርሳይዝ (ከመደበኛው የሰፋ) ፋሻ ገዝተን ጫፉን በሞረድ እናስተካክል ይላል። ኮምፕሬሽኑም (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው በታች ነው። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፣ ከደብረ ሲና
በኮምፕሬሽኑ ቁጥር አይደንግጡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ስለሚያንስ፣ ጤነኛ ሞተርም እዚያ ሲለካ ዝቅ ይላል። ይልቅ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ያነጻጽሩ። ዝቅ ባለው ውስጥ በካንዴላው (በእሳት ብልጭታ ሰጪው) ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምረው ሲለኩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ወይም የሲሊንደር ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩን ይጠርጥሩ።

የ0.50ውን ሐሳብ ግን ይተዉት። ሲሊንደር በብዛት የሚበላው ላይኛው ፋሻ በሚመለስበት አካባቢ ሲሆን ታችኛው ክፍል ብዙም አይሰፋም፤ ስለዚህ በላይኛው ስፋት ልክ የተሞረደ ፋሻ ታች ሲደርስ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥሞ ሊሰበር ይችላል፤ ለሰፊ ክብ የተሠራ በመሆኑም ግድግዳውን ዙሪያውን እኩል አይነካም። ስታንዳርዱን (መደበኛ ልኩን) ፋሻ በተገለበጠ ፒስተን እየገፉ፣ መጀመሪያ ታች ቀጥሎም ላይ፣ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠሎች መለኪያ) ይለኩ። ለ73 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ታች ላይ ከ0.22 እስከ 0.29 ሚሊ ሜትር ያህል ጥሩ ነው። የላይና የታች ክፍተት ልዩነት ለ3.14 ሲካፈል ሲሊንደሩ ላይና ታች በስፋት ምን ያህል እንደሚለያይ ይነግርዎታል።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት
አቧራን ለመቋቋም ክሮም ይበረታል፤ ነገር ግን ክብነቱን በጠበቀ፣ በጥንቃቄ በተላገ ሲሊንደር ውስጥ ካልገባ ከግድግዳው ጋር ሳይላመድ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ጭሱም አይቆምም። ሪቦር ለማያስደርግ ሰው ተራው የብረት ፋሻ ቶሎ ይላመዳል። አቧራውንስ መከላከል ያለበት የአየር ማጣሪያው አይደለምን?

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። የክፍተቱ ልዩነት 0.25 ሆኖ ተገኝቷል።

መልስ፣ ከደብረ ሲና
እንግዲያው የስፋቱ ልዩነት 0.08 ገደማ ነውና ስታንዳርድ ተራ ፋሻ ይግዙ። ከሲሊንደሩ አናት ላይ ሳይበላ የቀረውን እርከን አስነሥተው ግድግዳውን በሆኒንግ ድንጋይ ያሻክሩት፤ የፒስተኑ የፋሻ ቦይ ሰፍቶ ከሆነ ግን አዲስ ፋሻ አያድነውም። የጣርማ በርን ቁልቁለት ነዳጅ ሳይረግጡ ወርደው፣ ሲረግጡ ብቻ ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የቫልቭ ሲሉንም (ዘይት በቫልቩ ዘንግ በኩል እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ) አብረው ይቀይሩ።