ሰፈር ውስጥ የፍጥነት ካሜራ ቢተከል የሚቀጣው ማነው?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ሰላም የደሴ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ሕግ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። ሰፈራችን ቁልቁለት ነው፣ ታች ትምህርት ቤት አለ። ጠዋት ልጆች መንገዱን ሞልተው ሲወርዱ ሚኒባሱም ባጃጁም በመሐላቸው ይበራል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈችው፣ ስፖኪዮው ቦርሳዋን ገጭቶት ደብተሮቿ አስፋልት ላይ ተበተኑ። በሰፈር ስብሰባ ላይ ታርጋ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይተከልልን ብለን እንጠይቅ ተባለ፣ እኔም እጄን አወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሚኒባስ አለችኝ፣ በቅጥር ሹፌር ነው የምትሠራው። ታርጋው የኔ ነው፣ የሚነዳው ሌላ ሰው። ታዲያ የሚቀጣው ማነው?

ሹፌር ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ እኔ የሐረጎን ዳገት በቀን ሁለት ሦስቴ እወጣለሁ እወርዳለሁ። ካሜራ አልጠላም። ግን ትራፊክ ሲያስቆመኝ ፊት ለፊት እንነጋገራለን፣ ራዳሩን አሳየኝ እላለሁ፣ ተሳፋሪም ይመሰክራል። ከወር በኋላ ወረቀት ቢመጣብኝ ያን ቀን የት እንደነበርኩ በምን አስታውሳለሁ? ደግሞ እኛ ጋ ቅጣቱ ብር ብቻ አይደለም፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ ይያዛል። ነጥቡ በባለቤቱ ላይ ይሁን? ስንቱ ባለቤት መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም እኮ።

ነገረፈጅ፦
ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም፣ የቀረበበትን ማስረጃም የመመልከት መብት አለው ይላል። ታርጋ መኪናዋን እንጂ የነዳትን አይናገርም። «ባለቤቱ ነው የነዳው» ብሎ የሚነሳ ደንብ እንግዲህ አለመንዳቱን የማስረዳቱን ሸክም ሰውየው ላይ ይጥላል። የአሜሪካዋ ሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የሴንት ሉዊስን የቀይ መብራት ካሜራ ደንብ የሻረው በዚሁ ነው። እንግሊዞች ሌላ ዘዴ ነው የያዙት። ለባለቤቱ በ14 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ይላክለታል፣ እሱም በ28 ቀን ማን እንደነዳ ያሳውቃል፣ ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ያስቀጣዋል። ይሄማ በራስ ላይ መመስከር ነው ብለው እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የሄዱ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተረቱ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የኛው ውክልና ነው። ስንት መኪና በውክልና ተሸጦ፣ ሦስት አራት ሰው እጅ ገብቶ፣ ሊብሬው ዛሬም በድሮው ባለቤት ስም አለ! ደብዳቤውስ ማን ጋ ይደርሳል? እኛ ፖስታ የምንቀበለው በሳጥን ነው፣ ያውም ሳጥን ያለን። ያልደረሰህን ክስ ደግሞ በይግባኝ መከራከር አትችልም።

ከባሕር ማዶ፦
እኔ አሜሪካ ነው የምኖረው። መኪናዬን ለጓደኛዬ አውሼ ደብዳቤው ለኔ መጣ፣ ፎቶው ላይ የሚታየው የኋላ ታርጋዬ ብቻ ነበር። ከፈልኩ። እዚህ ብዙ ቦታ እንደ ወንጀል አያዩትም፣ ባለቤቱ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ያልቃል። ኒውዮርክ ትምህርት ቤት አካባቢ ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ከ10 ማይል በላይ ያለፈ 50 ዶላር ይከፍላል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ግን ነጥብ አይያዝበትም። እናንተም ነጥቡን ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ ብትተዉት ግማሹ ክርክር ይቀላል።

የሆጤ እናት፦
የምትሉት ሁሉ ገብቶኛል፣ ያለ ማስረጃ ማንም እንዲቀጣ አልፈልግም። ግን ልጄ ጠዋት ወጥታ እስክትመለስ ልቤ አያርፍም። ጉብታ ለምን አትጠይቁም? ጉብታ ሊብሬ አይጠይቅም፣ ውክልና አይጠይቅም፣ ማንም ይንዳው ያቀዘቅዘዋል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ለሚቀጥለው ስብሰባ የእናታችንን ሐሳብ አስቀድማለሁ፣ ጉብታው ትምህርት ቤቱ በር ላይ አሁኑኑ ይሠራ። ካሜራውን አልቃወምም፣ ግን መጀመሪያ የነዳውን ከባለቤቱ የሚለይ፣ ፎቶውን ለሰውየው የሚያሳይ፣ ቅሬታ የት እንደሚቀርብ በግልጽ የሚናገር ደንብ ይጻፍልን እላለሁ። ለሹፌሬም ዛሬ ማታ ነግሬዋለሁ፣ በዚያ ቁልቁለት ከሁለተኛ ማርሽ በላይ እንዳታስገባ ብዬ። የጎረቤቴ ልጅ አሁንም በጓሮ በኩል ዞራ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው።