የጫት ጥናት የጋራ ምክረ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

የጥናት ክፍል ሰብሳቢ፦
ረቂቁ እስከ ዓርብ መዘጋት አለበት። ዓላማው ያው ነው፤ ጫት የሚቅሙና የማይቅሙ ወጣቶችን በሁለት ቦታ ለሦስት ዓመት እየተከታተሉ የአእምሮ ጤናቸውን መመዝገብ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 12 በመቶ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል፤ ጭንቀቱ ከጫቱ ይቅደም ወይም ይከተል እንደሆነ ግን የአንድ ጊዜ ጥናት ሊነግረን አይችልም። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ያገደችው፣ የመንግሥቱ አማካሪ ምክር ቤት በዋዜማው ዓመት ለእገዳ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ካለ በኋላ ነው። እዚህ አገር ሕግ ይውጣ በተባለ ጊዜ ግምት ብቻ ይዘን እንዳንቀርብ ነው የምንደክመው።

የቡታጅራ አባል፦
መጠይቁ «በሳምንት ስንት ቀን ይቅማሉ?» ብሎ ያቆማል። ይህ አይበቃም። ካቲኖን የተባለው የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣልና፣ ጠዋት ተቆርጦ በኮባ ተጠቅልሎ የመጣና ሁለት ቀን ያደረ ጫት እኩል ሊቆጠሩ አይገባም። ዙርባው (የጫቱ እስር) ከበርጫው (ከመቃሚያው ጊዜ) በፊት፣ ገረባው (ሳይቃም የቀረው ትርፍራፊ) ከበርጫው በኋላ ይመዘን፤ ጨብሲም (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) ለብቻው ይጠየቅ፤ አለበለዚያ የመጠጡን ጉዳት በጫቱ ላይ እንጽፋለን።

የሐረር ቅርንጫፍ ተወካይ፦
ስለ ሚዛኑ ተስማምቻለሁ። ነገር ግን በሽፋኑ ላይ የሐረር ቅርንጫፍ ስም ስለ ምን መጨረሻ ሆነ? የጫት ገበያው አወዳይ አጠገባችን ነው፤ ባለፈው ጥናትም መረጃ ሰብሳቢ ያሰማራነው እኛ ሆነን ሳለ ስማችን የተጻፈው በግርጌ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
ቅደም ተከተሉ በምሥረታ ዘመን ነው። የአባልነት መዋጮም በዚሁ ቅደም ተከተል ይመዘገባል።

የሐረር ቅርንጫፍ ተወካይ፦
መዋጮ ሌላ፣ ሥራ ሌላ። ይህ ካልታረመ ቅርንጫፋችን አይፈርምም።

የጅማ ቅርንጫፍ ተወካይ፦
ሐረር ከፍ ካለች ጅማ ዝም ብላ አታይም።

ጸሐፊ፦
በፊደል ተራ ይሁንና ይብቃን።

የሐረር ቅርንጫፍ ተወካይ፦
በፊደል ተራማ ሀዋሳ በሃሌታው ሀ ስለሚጻፍ ሊቀድመን ነው። ሀዋሳ በዚህ ጥናት ውስጥ ምን ድርሻ አላት?

የሀዋሳ ቅርንጫፍ ተወካይ፦
የወንዶ ጫት ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል? ድርሻችሁ ምንድን ነው ተብሎ መጠየቅ ለአባሎቻችን ስድብ ነው፤ ይህን ቃል ያንሱልን።

አንድ ነባር አባል፦
ልጆቼ፣ ሰብሰብ በሉ። ገንዘቡ ሳይገኝ በስም መጣላት ለማኅበሩ ስም አይበጅም። ሁሉም ቅርንጫፍ እኩል መረጃ ይሰብስብ፣ እኩል በጀት ይያዝለት፤ ያኔ ማን ቀደመ የሚል ጥያቄ አይነሣም።

የሐረር ቅርንጫፍ ተወካይ፦
ጋሼ ካሉ እቀበላለሁ። ለሀዋሳ ወንድሞቻችንም አክብሮት አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
በሁለት ቦታ የታሰበው ገንዘብ ለሁሉም ቅርንጫፍ ከተከፋፈለ የመረጃ ሰብሳቢ አበል የሚበቃው ለአንድ ዙር ብቻ ነው። የሦስት ዓመቱ ክትትል አይቻልም።

የቡታጅራ አባል፦
እንግዲያውስ ጥናቱን አፈረስነው። አንድ ወጣት ዛሬ ይቅማል፣ ዛሬም እንቅልፍ አጥቷል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ በምን እናውቃለን? የገዛ ጥያቄያችንን ለሽፋን ገጽ ሰላም ስንል አንሸጥ። የናሙናውን መጠን አሰላለሁ ያሉት ባልደረባችንስ የት ገቡ?

ጸሐፊ፦
ስልካቸው አይነሣም፤ ለሁለቱም መልእክቴ መልስ አላገኘሁም።

የጥናት ክፍል ሰብሳቢ፦
እንደ ቡታጅራው አባል እኔም ክትትሉን አጥብቄ እፈልገዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ያለ ቅርንጫፎቹ ፊርማ ማመልከቻው አይገባም። ስለዚህ በዚህ ዙር በሁሉም ቅርንጫፍ የአንድ ጊዜ ጥናት እንዲሆንና ፈቃደኛ የሆኑ ተሳታፊዎች አድራሻ በምስጢር ተይዞ ክትትሉ «ሁለተኛ ምዕራፍ» ተብሎ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሚዛኑ ይቆያል።

ገንዘብ ያዥ፦
ለሁሉም ቅርንጫፍ ሚዛን መግዣ በጀት የለም።

የቡታጅራ አባል፦
ሚዛኑ ከወጣ የእኔን ስም ከአዘጋጆች ዝርዝር አውጡልኝ።

የጅማ ቅርንጫፍ ተወካይ፦
በጀቱ እኩል ከሆነ፣ የማጠቃለያው ዐውደ ጥናት ጅማ ላይ እንዲደረግ ከአሁኑ ይመዝገብልን።