ውዝፍ ብድር በዛብን፣ ችግሩ ከውስጥ ከሆነ ከየት ልጀምር?

ሰላም_ከቅርንጫፍ፦
ሰላም ወገኖች፣ አንድ ማይክሮፋይናንስ ውስጥ ቅርንጫፍ ስራ አስኪያጅ ሆኜ የተመደብኩት ነሐሴ ላይ ነው። ስረከብ ከ30 ቀን በላይ የዘገየው ብድር 4 በመቶ ነበር አሁን 11 ገብቷል። ሁላችንም ገበያው ቀዝቅዞ ነው ኑሮ ተወዶ ነው እንላለን፣ እሱም ውሸት አይደለም፣ ግን እዚሁ ከተማ ያለ ሌላ ተቋም ደህና እየሰበሰበ ስለሆነ ነገሩ ከኛው ቤት መሰለኝ። ምኑን ልይ?

ኦዲተሩ፦
እህቴ መጀመሪያ ያንን 4 በመቶ አትመኚው። ደንበኛው 45,000 ቀሪ እዳ እያለበት የ5,000 ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ካሳለፈ ስጋት ላይ ያለው 45,000ው በሙሉ ነው፣ 5,000ውን ብቻ እየጻፉ ሪፖርት የሚያሳምሩ አሉ። ደግሞ አዲስ ብድር በገፍ ሲሰጥ አካፋዩ፣ ማለትም ጠቅላላው ብድር፣ ስለሚያድግ ፐርሰንቱ ዝቅ ይላል፣ ማበደሩ ሲቆም ጉዱ ይወጣል። የመክፈያ ጊዜያቸው የተራዘመላቸውን ብድሮችም ለይተሽ ቁጠሪ።
ከዛ ውዝፉን በብድር ባለሙያና ብድሩ በወጣበት ወር ደርድሪው። አንድ ገበያ ላይ እየሰሩ አንዱ ጋ 3 ሌላው ጋ 20 ከመጣ ጥፋቱ የገበያው አይደለም። ሰኔን በደንብ እዪ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል እቅድ ለማሳካት ፋይል ይጣደፋል። እኔ በአንድ ከሰአት 43 ብድር የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ አግኝቻለሁ፣ ፊርማው የሶስት ሰው እስክሪብቶው ግን አንድ።

የድሮ_ኦፊሰር፦
ባለሙያው ላይ ብቻ እንዳትፈርጂ በናትሽ። እኔ ከ500 በላይ ደንበኛ ይዤ ሞተሩ ነዳጅ የለውም ይባል ነበር፣ የምመዘነው ደግሞ ባበደርኩት ብር እንጂ በሰበሰብኩት አይደለም፣ እንዲህ ሆኖ ማን ቤት ሄጄ ልይ? አንድ ለፋሲካ በሬ የሚያደልብ ደንበኛ ነበረኝ፣ ጎበዝ ሰው ነው፣ ብድሩ ግን በየወሩ የሚከፈል ነበር። በሬ በየወሩ አይሸጥ! ለፉርሽካና ለፋጉሎ የያዘውን ብር እየቀነሰ ሁለት ወር ከፈለን፣ በሬው ሳይሰባ በዓሉ ደረሰ፣ በርካሽ ሸጦት ውዝፍ ውስጥ ገባ። ያን ሰው ያከሰርነው እኛ ነን፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አበበች፦
የቡድን ዋስትናውንም ጠይቂ፣ ተበዳሪዎቹ እርስ በርስ የሚዋዋሱበትን ማለቴ ነው። እኛ ጋ አምስቱ የቡድኑ አባላት የተዋወቁት ቢሮው በር ላይ ነው፣ አንዷ ስትጠፋ ቤቷን የሚያውቅ አልነበረም።

ሰላም_ከቅርንጫፍ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ደረደርኩት፣ ከ38ቱ የዘገዩ 27ቱ የሰኔ ናቸው፣ አብዛኛው አንድ ልጅ ጋ ነው ያለው፣ እሱም 610 ደንበኛ ይዟል። ከሰኞ ጀምሮ ደንበኞቹን ለሁለት ባለሙያ ከፍለናቸዋል፣ እኔም አብሬው ቤት ለቤት ልወጣ ነው። የድለባውን አከፋፈል እዚሁ መቀየር እችላለሁ?

ኦዲተሩ፦
ፖሊሲያችሁ ካልፈቀደ በራስሽ አትንኪው፣ ነገ እንደ ተራዘመ ብድር ይቆጠርብሻል። የአምስት ስድስት ደንበኛ የሽያጭ ጊዜ ጽፈሽ ወለዱ በየወሩ ዋናው ብድር ደግሞ ከሽያጭ በኋላ እንዲከፈል ለዋናው መስሪያ ቤት በደብዳቤ ጠይቂ፣ የቃል ፈቃድ እንዳትቀበዪ።