የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊዋ
ሰላም ወገኖች። ጎንደር ያለው ትምህርት ቤታችን ለዓመቱ ሰኔ ሊዘጋ ነው። በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ባለፈው ስብሰባ «የዓመቱ ውጤት የሚከበርበት ዝግጅት ይኑር» ብለን ተለያይተናል፤ ምን እንደሚመስል ግን አልተነጋገርንም። ረቂቁን ለርዕሰ መምህሩና ለወመተህ (ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት) የምናስገባው በዚህ ወር ነው። መነሻ እንዲሆን ያሰብኩትን ልጣል፦ ሰኔ መጨረሻ፣ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተን፣ ከ12ኛ ክፍል አንደኛ ለሚወጣ ላፕቶፕ፣ በሩ ላይ ትልቅ ባነር። እስኪ አፍርሱት።

ከአዲስ አበባ፣ የ89 ባች
ላፕቶፑን እኔና የባቼ ልጆች እንችለዋለን። ባነሩ ላይ የጎበዞቹ ፎቶና ያመጡት ነጥብ ይውጣ። ጎንደር ፒያሳ ላይም አንድ ይሰቀል እንጂ! ሌላው ትምህርት ቤት ሲያደርገው እያየን ነው።

ቲቸር (ጡረታ የወጣሁት የሂሳብ መምህር)
ልጆቼ፣ እኔ ቀኑም አልገባኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው። ልጆቹ ብርድ ልብስ ተሸክመው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የሚፈተኑት። ውጤቱ ከጳጉሜ በፊት አይጠበቅም፤ መስከረም የገባበትም ዓመት አለ። ታዲያ ሰኔ ላይ የምንሸልመው ማንን ነው? ለፈተና የሚያጠናን ልጅ ድግስ ላይ ማስቀመጥስ ደግ ነው?

ባነሩን በተመለከተ ደግሞ ቁጥሩን እንየው። በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ናቸው። እያደገ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው መስመሩን አላለፈም ማለት ነው። እነዚህ ልጆች በዚያ ባነር ሥር ነው የሚያልፉት። ክፍልፋይ መደመር ሳይችል 9ኛ የገባ ልጅ 12ኛ ላይ 45 ሲያመጣ አይቻለሁ። ያ ልጅ ሠርቷል። ትምህርት በተቆራረጠበት ዘመን ደብተሩን ሳይጥል መጨረሱ ብቻውን ጀግንነት ነው። እሱን የማይጠራ ዝግጅት የትምህርት ቤቱን ዓመት አከበረ አልለውም።

ከአዘዞ፣ የወላጅ ተወካይ
ቲቸር እድሜ ይስጥልኝ። እኔ የምለው አዳራሹን ነው። ሆቴል ከሆነ ብዙ ወላጅ አይመጣም። እኔ ራሴ ምን ለብሼ ልሂድ ብዬ እቀራለሁ። ግቢው ውስጥ ዳስ ይጣል፣ ድግሱን ለእናቶች ተውልን። ሰኔ ከሆነ የሐዋርያት ጾም ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ይበቃል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አብረው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሥጋ ከመጣ ግን ሁለት ድስት፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጪ ነው። ብቻ ሳይመሽ ይለቅ። ሲመሽ አዘዞ የሚገባ ታክሲ ጥበቃ መከራ ነው።

ከዋሽንግተን
ወደ መስከረም ይገፋ የሚለው ከመጣ እኔ እደግፋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር እንዴት እንደሚዘንብ ረሳችሁት እንዴ? ዳስ አያድንም። አንድ አዝማሪም ይጠራ፤ ጎንደር ተቀምጦ በስፒከር ዘፈን ነውር ነው። ቲቸርን አንድ ዙር ቢሞልጫቸው የብዙዎቻችንን ብድር ይመልሳል 😄

ቲቸር
ይምጣ፣ ግጥም አልፈራም። ያንተን የ10ኛ ክፍል ውጤት ግን አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ካዝናው ሁለት ትልቅ ድግስ አይችልም፤ ይህን ካሁኑ ልናገር። አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ ከሆነ ይሆናል። ቲሸርት ማሳተም የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ።

አምና የጨረስኩት
እንደምን ዋላችሁ ታላላቆቼ። ለመናገር ፈርቼ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲመጣ የኔ ጭንቀት ላፕቶፕ አልነበረም። የመኪና ትኬቱ፣ አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ የመጀመሪያው ወር የኪስ ገንዘብ ነበር። የክፍላችን አንድ ልጅ ጅማ ደርሶት ትራንስፖርቱን የሸፈነለት እድር ነው። የአንድ ላፕቶፕ ዋጋ ስንት ልጅ በመኪና እንደሚያሳፍር እናንተ አስሉት።

ሌላው፣ በመዝጊያው ቀን ተማሪው ከለር ዴይ (ቀለም እየተረጫጩ መጨፈር) ማድረጉ አይቀርም። ዝም ብሎ መከልከል ከግቢ ውጭ እንዲያደርገው መላክ ነው። ግቢው ውስጥ የሚያቆየው ነገር ይኑር። ሚኒ ሚዲያው አለ፣ የክፍሎች ኳስ ፍጻሜ አለ። የክበባትን ሥራ የሚያሳይ ጠረጴዛም ይዘርጋ፤ ዓመቱን ሙሉ የሠሩት ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚቀረው።

ከአዲስ አበባ፣ የ89 ባች
አንች ልጅ፣ በጥፊ ነው ያልሽኝ። እሽ፣ የላፕቶፑ ገንዘብ ለመንገድና ለብርድ ልብስ ይዙር። ግን አንድ ነገር አልለቅም። አንደኛ የወጣ ልጅ ስሙ ሳይጠራ አይለፍ። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ አንግቷል። «ሁሉም ጀግና ነው» እያልን ጎበዙን ደግሞ አናደብዝዘው። ባነሩ ይቅር፤ መድረክ ላይ ግን ይውጣ፣ እናቱም አብራው ትውጣ።

ቲቸር
ተስማምቻለሁ። የእናቲቱን ነገር በደንብ ያዙልኝ።

ጸሐፊዋ
አሁን መልክ ያዘ። ረቂቁን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ የሚቆረጥ ካለ ቁረጡ።

«ማኅበሩ በሁለት ጊዜ የሚከናወን ዝግጅት ያቀርባል። የመጀመሪያው ሰኔ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ መዝጊያ ቀን፣ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ላሉ ተማሪዎች በግቢው ውስጥ ይሆናል። ድፎ ዳቦና ቡና ይቀርባል፤ የክበባት ሥራ ይታያል፤ የኳስ ፍጻሜ ይደረጋል። ከየክፍሉ አንደኛ ከወጡት ጋር ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይልቅ በሁለተኛው በጣም ያሻሻሉ ተማሪዎችም የምስክር ወረቀትና አጋዥ መጽሐፍ ይቀበላሉ። ሁለተኛው የ12ኛ ክፍል ሽኝት ነው። ውጤት ከታወቀና መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቀኑ 7 እስከ 11 ሰዓት፣ እዚያው ግቢ ዳስ ተጥሎ ይከበራል። የተፈተኑት ሁሉ ይጠራሉ፤ ሬሜዲያል (ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) የሚገቡትም ጭምር። የማንም ነጥብ በባነር አይወጣም። ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ከወላጆቻቸው ጋር መድረክ ላይ ይመሰገናሉ። ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለሚመደቡና አቅም ለሌላቸው የመንገድና የብርድ ልብስ ድጋፍ ይሰጣል፤ ይህ ግን በሕዝብ ፊት አይደረግም።»

ገንዘብ ያዥ
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወድጃታለሁ። አቅም የሌለውን ማን ይለያል?

ጸሐፊዋ
የክፍል ኃላፊ መምህራኑና ወመተህ። እኛ ዝርዝሩን አናይም፣ ገንዘቡን ብቻ እናስረክባለን።

ከአዘዞ፣ የወላጅ ተወካይ
የቤተ መጻሕፍቷን ሠራተኛና ዘበኛውን ጨምሩልኝ። ልጄ ማታ ድረስ ያነበበው እነሱ ቁልፍ ይዘው ስለጠበቁት ነው።

ጸሐፊዋ
ተጨምሯል፣ ለሁለቱም ጋቢ። እሽ፣ የቀረን ሦስት ነገር ነው። አዝማሪ የሚያነጋግር ሰው፣ አጋዥ መጽሐፍ በጅምላ የሚገዛልን አዲስ አበባ ያለ ሰው፣ ደግሞም የዳስ ድንኳን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያውሰን እድር። የምታውቁ እስከ ዓርብ በውስጥ ንገሩኝ። ሰኞ ደብዳቤውን አስገባለሁ።