ጥቆማ፦ ዲዝኒ ዎርልድ ግቢ ውስጥ እንደር ወይስ ውጪ?

የናኦድ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለስፕሪንግ ብሬክ ልጆቹን ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ዎርልድ ልንወስዳቸው ቃል ገብተናል። ቃል የገባው አባታቸው ነው፤ የምለፋው እኔ። ስድስት ነን። እኔና ባለቤቴ፣ የ8፣ የ5 እና የ2 ዓመት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣች እናቴ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ጉዞው ደግሞ ሁዳዴ ላይ ወደቀ፤ እሷ ትጾማለች።
ጥያቄዬ አንድ ነው። የዲዝኒ የራሱ ሆቴል ዋጋው ያዋጣል ወይስ አጠገቡ ያለችው ኪሲሚ ከተማ ርካሽ ይዘን በመኪና እንመላለስ? አራት ሌሊት ነው። እባካችሁ የሄዳችሁበት ብቻ መልሱልኝ።

ብርቱካን አሌክሳንድሪያ
ፖፕ ሴንቸሪ። አለቀ።

የአራት ኪሎ ልጅ
ምክንያት አለሽ ወይስ አክሲዮን ገዝተሻል?

ብርቱካን አሌክሳንድሪያ
ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሰባቱንም ፖፕ ነው ያረፍኩት። ከዲዝኒ የራሱ ሆቴሎች ርካሾቹ ውስጥ ነው። ስካይላይነሩ ደጃፉ ላይ ነው፤ እንደ ኬብል መኪና በአየር ላይ ወደ ኤፕኮትና ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ፓርኮች ይወስድሻል። ሌላ ሆቴል ሞክሬ አላውቅም፤ መሞከርም አልፈልግም።

የአራት ኪሎ ልጅ
ሌላ ሳይሞክሩ ማወዳደር። ደስ ይላል።

ሰምሃል
የናኦድ እናት፣ ውጪ ማደሩን እርሺው። የደረሰብኝን ልንገርሽ። የሆቴሉን ስም አልጠራም። ከፓርኩ 2 ማይል ነው፣ ሻትል በነፃ ይላል። ነፃነቱስ እውነት ነው። ግን ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ነው የሚመላለሰው፤ ያውም ሌሎች ሆቴሎችን እያዳረሰ።
ማጂክ ኪንግደም የሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ርችቱን አይተን ስንወጣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። የመጨረሻው ሻትል ሦስት ተኩል ላይ ይነሳል ተብለናል። ሻትሉ የሚቆመው ግን በሩ ላይ አይደለም። መጀመሪያ በጀልባ ወይም በሞኖሬል ሐይቁን መሻገር አለብሽ። ለጀልባው የተሰለፈው ሕዝብ ጥምቀት ነው የሚመስለው። ተሻግረን ስንደርስ ሻትሉ ሄዷል። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ለሃጯ በአንገቴ ይወርዳል። ባለቤቴ በአንድ እጁ ጋሪውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ሆቴሉ ጋ ይደውላል። «ሾፌሩ ከሥራ ወጥቷል» ይሉታል። በኡበር 46 ዶላር ከፍለን ገባን።
በማግስቱ ሪሰፕሽን ሄጄ ብናገር ልጅቷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ነፃ አገልግሎት ስለሆነ የሚመለስ ገንዘብ የለም።»

ቤቲ ዳላስ
ውይ! ስሙን ንገሪን እንጂ።

ሰምሃል
አልናገርም። የሰው እንጀራ ነው።

ማሙሽ
192 መንገድ ላይ ያለው ነው? ፊት ለፊቱ የፀሐይ መነጽር ሱቅ ያለው?

ሰምሃል
አልናገርም አልኩ እኮ።

ማሙሽ
ገባኝ። እሱ ነው።

ቤቲ ዳላስ
እኛንም እንዲሁ አንድ ሆቴል ሠርቶልናል። ኦንላይን 89 ዶላር ይላል። ስንደርስ በየሌሊቱ ሪዞርት ፊ የሚሉት ተጨማሪ ክፍያ፣ በየሌሊቱ ፓርኪንግ። ሪዞርቱ የታለ ብል አንዲት የውሃ ገንዳ አሳዩኝ፤ እሷም ጥገና ላይ ነች።

የአራት ኪሎ ልጅ
የሻትሉ ጉዳይ ለአፍሪካ ኅብረት ይቅረብልን።

የናኦድ እናት
ሰምሃልዬ አይዞሽ፣ በጣም ያናድዳል። ግን እኛ መኪና ይዘን ነው የምንሄደው፤ ሻትል አንፈልግም። ውጪ አድረን በራሳችን መኪና ብንመላለስስ?

ጋሽ መንገዱ
በመኪና ከሆነ ልምከርሽ ልጄ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኦርላንዶ ከ850 ማይል በላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሱ፤ በሐበሻ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሪችመንድን ሳይነጋ እለፉ። ከዚያ 95ን ይዛችሁ ዝም ብሎ መውረድ ነው። ሁለቱ ካሮላይናዎች ድንበር ላይ ትልቅ ባርኔጣ ያለው ማማ አለ፤ ልጆች ይወዱታል፣ ሽንት ቤትም አለው። ሳቫና አካባቢ እደሩ። ዴይቶና ስትደርሱ ወደ 4 ቁጥር ትታጠፋላችሁ።

የናኦድ እናት
አመሰግናለሁ ጋሼ። መንገዱን ባለቤቴ ያውቀዋል። የምጠይቀው ስለ ሆቴሉ ነበር።

ጋሽ መንገዱ
እሱን እንኳ አላውቅም። እኛ እህቴ ጋ ታምፓ ነው የምናድረው።

ኢንጂነሩ
እህቴ፣ ሂሳቡን እኔ ልሥራልሽ።
አንደኛ ነገር፣ ፖፕ አይበቃችሁም። አንድ ክፍል ለአራት ሰው ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሕፃን አልጋ ይጨመራል። ትንሹን ሳንቆጥር አምስት ናችሁ። ወይ ሁለት ክፍል ትይዛላችሁ፣ ወይ ከሐይቁ ማዶ አርት ኦፍ አኒሜሽን የሚባለው ጋ የቤተሰብ ስዊት ትወስዳላችሁ። እሱ ስድስት ሰው ይይዛል። ሁለት መታጠቢያ ቤት አለው፤ ስድስት ሰው ጠዋት ሲጣደፍ ዋጋው ያኔ ይገባሻል። ብርቱካን የምትወደው ስካይላይነርም በድልድይ ተሻግሮ እዚያው ነው።
ፓርኪንግን አስቢ። እኛ በ2024 ስንሄድ ፓርኮቹ ጋ በቀን 30 ዶላር ነበር። አራት ቀን 120 ማለት ነው። የዲዝኒ ሆቴል ውስጥ ያረፈ ሰው ይህን አይከፍልም። ሆቴሉ ጋ ለሚያድረው መኪናም ከ2023 ጀምሮ አያስከፍሉም። ሪዞርት ፊ የሚባለውም የለም። ቤቲ ያለችው 89 ዶላር ይህ ሁሉ ሲደመርበት ሌላ ቁጥር ይሆናል። ይህም ሆኖ ስዊቱ ከውጪው በጣም ይወደዳል፤ አልዋሽሽም።
እንግዲህ ልዩነቱን የምትከፍዪው ለምንድነው? ጠዋት ከሌላው ሕዝብ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ትገባላችሁ፣ በየቀኑ፣ በአራቱም ፓርክ። በክፍያ ሰልፍ የሚያሳጥረውን ላይትኒንግ ሌንም ከ7 ቀን በፊት መያዝ ትችላላችሁ፤ ውጪ ያደረ ሰው ከ3 ቀን በፊት ነው። ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ሦስት ልጅ አልብሰሽ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ትቆሚያለሽ? ካልቆምሽ 30 ደቂቃው ለጎረቤት ነው።
ለእናንተ እኔ የማስበው እኩለ ቀንን ነው። ትንሹ መተኛት አለበት። እናትሽም ጉልበታቸውን ማሳረፍ አለባቸው። ሰምሃል ያለችውን ልብ በይ፦ ማጂክ ኪንግደም በራስሽ መኪና ብትሄጂም በሩ ላይ አትደርሺም። መኪናሽን ሐይቁ ማዶ አቁመሽ በጀልባ ወይም በሞኖሬል ነው የምትሻገሪው። ለእንቅልፍ ደርሶ መልስ ማለት ያንን ሁለቴ ተጨማሪ መመላለስ ነው። የዲዝኒ ሆቴሎች አውቶቡስ ግን በሩ አጠገብ ያወርድሻል።

ብርቱካን አሌክሳንድሪያ
ፖፕም በድልድዩ ማዶ ነው። ሁለት ክፍል ይያዙ።

የአራት ኪሎ ልጅ
ብርቱካን፣ ፖፕ ደሞዝ ይክፈልሽ።

የማርታ አባት
አንድ ነገር ልጨምር። አውቶቡሱ ላይ ጋሪ ሳይታጠፍ አይገባም። የተኛ ልጅ አንስተሽ፣ ቦርሳ አውርደሽ፣ ጋሪ አጥፈሽ። ስካይላይነር ላይ ግን እንዳለ እየገፋሽ ትገቢያለሽ። ነጎድጓድ ሲመጣ ግን ያቆሙታል፤ ፍሎሪዳ ደግሞ ሰመር ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አያጣትም። ስፕሪንግ ብሬክ ላይ ይሻላል። ለትንሹ ትኬት እንዳትገዢ፣ ከ3 ዓመት በታች ነፃ ነው።

ቤቲ ዳላስ
እኔ ብሆን ዲዝኒን ትቼ እዚያው ኦርላንዶ ያለው ሌላ መዝናኛ፣ ዩኒቨርሳል እሄዳለሁ። ሮያል ፓሲፊክ፣ ሃርድ ሮክ ወይ ፖርቶፊኖ ቤይ ካረፍሽ ኤክስፕረስ ፓሱ ከክፍሉ ጋር ነው። ሰልፍ ብሎ ነገር የለም!

ኢንጂነሩ
ለሁለቱ የቆዩ ፓርኮች ነው። በግንቦት 2025 የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ ላይ አይሠራም። ደግሞ የ2 እና የ5 ዓመት ልጅ እዚያ ብዙው ነገር ላይ ቁመታቸው አይደርስም።

ቤቲ ዳላስ
የኔ ልጆች 15 እና 17 ናቸው። እሱን አላሰብኩትም።

ሶስና
እናትሽን ደስ ማሰኘት ከፈለግሽ አኒማል ኪንግደም ሎጅ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለሽ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ታያለሽ።

የአራት ኪሎ ልጅ
ከአዲስ አበባ አሜሪካ ድረስ መጥተው የሜዳ አህያ ሊያዩ? አርባ ምንጭ፣ ነጭ ሳር ቢሄዱ ቪዛ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ሶስና
ሳቅ። ግን እማዬን ወስጃት አይቻለሁ። ቀጭኔውን ዞር ብላም አላየችው። ቀንዳቸው እንደ በር ምሰሶ የሆነ የአንኮሌ ከብቶች አሉ፤ እነሱ ሲመጡ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች። ሃያ ደቂቃ ያህል የበረንዳውን ብረት ይዛ ቆመች። በመጨረሻ «እንዲህ ያለው ለፋሲካ ስንት ይባላል?» አለችኝ።

የአራት ኪሎ ልጅ
ይቺን እናት አከብራለሁ።

ሶስና
ክፍሉ ግን ውድ ነው፤ በተለይ እንስሳቱ ወዳሉበት የሚያየው። ለማየት ብቻ ከሆነ ማደር የለባችሁም። ከአኒማል ኪንግደም ፓርክ በአውቶቡስ ሄዳችሁ ከሎጁ መመልከቻ ታያላችሁ።

ሊያ የጾም ገበታ
ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰላትም እኮ! ዲዝኒ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ የቅጠል ምልክት ያለው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ ነው። ደግሞ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ብርጭቆና የመስታወት ጠርሙስ፣ አልኮልም አይሆንም። በሶ በላስቲክ ጠርሙስ በጥብጣችሁ ግቡ። እኔ ድርቆሽ ይዤ ገብቼ አውቃለሁ። ፈታሹ አየው፣ ሸተተው፣ መለሰልኝ።

የናኦድ እናት
ሊያዬ ተባረኪ! እናቴ ግን ትኩስ ነገር ካልበላች አይሆንላትም። ሽሮ እንኳ ቢኖር።

ኢንጂነሩ
የአርት ኦፍ አኒሜሽን ስዊት ማይክሮዌቭና ትንሽ ፍሪጅ አለው። ምድጃ የለውም። ምድጃ ካስፈለገ ኪሲሚ ቤት መከራየት ነው። ያ ነው የውጪው ትልቁ ጥቅም፤ ማንም አላነሳውም እንጂ።

ሊያ የጾም ገበታ
ሽሮ በማይክሮዌቭ ይሠራል።

ሰምሃል
አይሠራም።

ሊያ የጾም ገበታ
ሠርቼዋለሁ። ቁሌቱን ቤትሽ አብስለሽ በዕቃ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ጎድጎድ ባለ ሳህን ሽሮውን በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ቁሌቱን ትጨምሪበታለሽ። አንድ ደቂቃ፣ ማማሰል፣ አንድ ደቂቃ፣ ማማሰል። ሳህኑ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ።

ማሙሽ
ይገነፍላል። ሆቴሉ ደግሞ ለጽዳት ያስከፍላችኋል።

ሊያ የጾም ገበታ
ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ አልኩ እኮ! አታነቡም እንዴ?

ጋሽ መንገዱ
የኔ ባለቤት ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛ ነው የምትሄደው።

ኢንጂነሩ
ጋሼ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ምድጃ አይፈቀድም። የጭስ ማስጠንቀቂያው ቢጮህ ፎቁ በሙሉ ነው የሚወጣው።

ጋሽ መንገዱ
ለዚህ ነዋ እህቴ ጋ የምናድረው።

ቤቲ ዳላስ
ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ አይደል? በያይነቱ አዝዛችሁ ይዛችሁ ግቡ።

ማሙሽ
ሰምሃል፣ ያ ሆቴል ግን ቀለሙ ብርቱካናማ ነው አይደል?

ሰምሃል
😐

ብርቱካን አሌክሳንድሪያ
የናኦድ እናት፣ ፖፕ ያዝሽ ወይስ?

የናኦድ እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። ባለቤቴ ትናንት ማታ ቁጭ ብሎ ቡክ አደረገ፤ ተገላገልኩ። አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። እናቴ መኪና 13 ሰዓት አልቀመጥም ስላለች እሷና እኔ በአውሮፕላን ልንሄድ ነው። ቁሌት በእጅ ሻንጣ ያሳልፋሉ?

ሊያ የጾም ገበታ
ቁሌት እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጊው። ሽሮው ዱቄቱ ችግር የለውም። ግን ላስቲኩ ላይ ምን እንደሆነ ጻፊበት።

የአራት ኪሎ ልጅ
አዎ ጻፊበት። ለማያውቀው ሰው ማስረዳቱ ከዲዝኒ ሰልፍ ይረዝማል።

ብርቱካን አሌክሳንድሪያ
የትኛውን ያዛችሁ ግን?